የጥርስ ሐኪም ፈቃድ ከቁሐር ሚካኤል ሲታይ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ ለብዙ ጓደኞቻችን ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ይኸውም መንግሥት የጥርስ ሐኪሞችንና በጥርስ ሕክምና ልዩ ሙያ ያላቸውን ሰዎች እየመዘገበ ፈቃድ የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። የሕክምና ተማሪዎች «የአርት ፋኩልቲ ልጆችን ከጥርስ ጋር ምን አገናኛቸው?» ብለው ቢስቁብን አንቀየምም። ጥርስ እንዴት እንደሚነቀል ልንጽፍ አልተነሣንም። የተነሣነው ጥርስ ለመንቀል መብት ያለው ማነው? መብቱንስ የሰጠው ማነው? መብት የሌለው ሰው ሲነቅል ሕግ ምን ያደርጋል? ብለን ለመጠየቅ ነው። ይህ የሕግና የማኅበራዊ ኑሮ ጥያቄ ነው እንጂ የጉጠት ጥያቄ አይደለም።

ምሳሌያችንን ከዋናው ከተማ አልወሰድንም። ቁሐር ሚካኤል በደቡብ ጎንደር፥ በፎገራ ወረዳ፥ ከወረታ ከተማ አጠገብ ያለች የገበሬ ቀበሌ ናት። ወረታ ራስዋ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው መንገድ ከሚገነጠልበት ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ስፍራው ከዓለም የራቀ ነው ለማለት አይቻልም። ነገር ግን የፎገራን ሜዳ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲወጡ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ሩዙም የሚበቅለው በዚሁ ውሃ ነው። በ1998 ዓ.ም ክረምት ጎርፉ ሰውን ከቤቱ እስከ ማፈናቀል ደርሶ ነበር። እንግዲህ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል መንደር በሐምሌና በነሐሴ ለታመመ ሰው ቅርብ ላይሆን ይችላል።

ገበሬው ጥርሱን ሲያመው መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ቅርንፉድ ይነክሳል፤ በአረቄ ይጉመጠመጣል፤ ሌሊቱን ጉንጩን በጋቢ ጠቅልሎ ያነጋል። ካልተሻለው ጉጠት ወዳለው ሰው ይሄዳል። ይህ ሰው ወጌሻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እጁ ጠንካራ ነው ተብሎ በአካባቢው ስም ያወጣ ሌላ ገበሬ ነው። ወደ ከተማ ሐኪም ቤት መሄድ ማለት የመኪና፥ የምርመራና የመድኃኒት ገንዘብ ማለት ነው፤ በአጨዳ ጊዜ ደግሞ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ማጣት ነው። ስለዚህ ጉጠቱ የሚመረጠው ሰው ድንቁርና ስለ ወደደ አይደለም፤ ሒሳቡ ስለ ተሠራ ነው።

ከጉጠቱ ሌላ ወደ አፍ የሚገቡ እጆች አሉ። አንደኛዋ ድድ ነቃሿ ናት፤ በጎንደር አገር ድዳቸውን ለጌጥ ያልተነቀሱ አሮጊቶች ማግኘት ቀላል አይደለም፤ መርፌዋም ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ይዘዋወር ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የግግ አውጪው እጅ ነው። ሕፃኑ ገና ጥርስ ሳያበቅል ተቅማጥ ሲይዘው፥ ትኩሳት ሲነሣበትና ሲያስመልሰው፥ እናቲቱ ወይም አያቲቱ ድዱን ታይና ነጭ ሆኖ ያበጠ ነገር ታገኛለች። ያ ያበጠው ነገር «ግግ» ይባላል፤ በሽታውን ያመጣው እርሱ ነው ተብሎም ይታመናል። በእውነቱ ግን ያበጠው ገና ያልወጣው የወተት ጥርስ፥ በተለይም የውሻ ጥርስ፥ ማቆጥቆጫ ነው። አውጪው በመርፌ፥ በምላጭ ወይም በተሳለ ሽቦ ድዱን ሰንጥቆ ያንን ለስላሳ የጥርስ ፍሬ ቆፍሮ ያወጣና ለእናቲቱ ያሳያታል። እርስዋም ትል የወጣ መስሏት ታመሰግናለች። ተቅማጡ እንዳለ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የደም መፍሰስ፥ የቁስል መመርቀዝ፥ መንጋጋ ቆልፍ ወይም በደም የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ልጁ ድኖ ቢያድግ እንኳ ከሥር የነበረው የቋሚው ጥርስ ዘር ተጎድቶ ጥርሱ ጠማማ ሆኖ ይወጣል ወይም ጭራሽ ሳይወጣ ይቀራል። ይህ ልማድ በጎንደር ብቻ ያለ አይደለም፤ በሌሎችም የኢትዮጵያ ክፍሎች፥ በሱዳን፥ በዩጋንዳና በታንዛኒያ ይገኛል።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ፈቃድ የሚባለው ነገር በኤውሮፓ እንዴት እንደ ተወለደ ማየት ለእኛም ጉዳይ ይረዳል። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1699 የፓሪስ ቀዶ ሐኪሞች ደንብ «የጥርስ አዋቂ» የሚል ማዕረግ አወጣና ሰውየው ተፈትኖ እንዲገባ አደረገ። በ1728 ስለ ጥርስ ሕክምና ትልቅ መጽሐፍ ያሳተመው ፒየር ፎሻር ግን ፈታኞቹ ራሳቸው የጥርስ ሥራ የማያውቁ በመሆናቸው ይወቅስ ነበር፤ ክርክሩ ዛሬም ያልሞተ ክርክር ነው። ለእኛ የበለጠ የሚያስተምረን የእንግሊዞቹ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 ያወጡት ሕግ መዝገብ አቋቋመ፤ ያልተመዘገበ ሰው ራሱን «የጥርስ ሐኪም» ብሎ እንዳይጠራም ከለከለ። የከለከለው ግን ስሙን ብቻ ነበር። ያልተማረው ሰው ስሙን ሳይጽፍ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ሕጉም አይነካውም። ሥራው ራሱ ለተመዘገቡት ብቻ የተወሰነው ከ43 ዓመት በኋላ፥ በ1921 በወጣው ሕግ ነው። ያን ጊዜም መንግሥት ያለ ዲፕሎማ ለዓመታት በሥራው የቆዩትን ሁሉ ወደ ሜዳ አልጣላቸውም፤ በተወሰነ ሁኔታ ወደ መዝገቡ አስገባቸው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ፤ ስምን የሚጠብቅና ሥራን የሚጠብቅ።

በአገራችን የሐኪሞች ምዝገባ ሕግ ከጣሊያን ወረራ ማግሥት ጀምሮ የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው አዋጅ ቁጥር 100 ሐኪሞች እንዲመዘገቡ ሲያዝ፥ በሕዝቡ ዘንድ የታወቁ የአገር ባህል ሐኪሞች ግን ጤናን እስካልጎዱ ድረስ ሥራቸውን እንዳይከለከሉ በር ክፍት ተወ። በጊዜው ይህ ብልኅነት ነበር፤ በአገሩ ሁሉ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ወጌሻን መከልከል አጥንት የተሰበረውን ሁሉ ያለ ረዳት መተው ይሆን ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሕጎች ተከታትለዋል። በ1994 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 76 ተቋቋመ፤ በ2002 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 661 የምግብ፥ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤን ቁጥጥር በአንድ ባለሥልጣን ሥር አደረገ፤ በ2011 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1112 የምግብንና የመድኃኒትን ቁጥጥር ለብቻው ሲለይ የባለሙያው ቁጥጥር ወደ ጤና ሚኒስቴር ሄደ፤ በ2017 ዓ.ም ደግሞ የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ጸደቀ። የጥርስ ሕክምና ምሩቅ ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ዲግሪው ሌላ የብቃት መመዘኛ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ፈቃዱንም በየጊዜው ያሳድሳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 535 ያለ ፈቃድ የሕክምና ሥራ መሥራትን ይቀጣል። ከአንቀጽ 561 ጀምሮም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሰውን የጎዳውንና የገደለውን ይቀጣል፤ የሕፃን እንጥል መቁረጥን በስሙ ይጠራዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሕግ በወረቀት ላይ ሥራን የሚጠብቅ ነው፤ ከ1878ቱ የእንግሊዝ ሕግ ይሻላል።

ቁሐር ሚካኤል ላይ ሆኖ ሲታይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተቆጣጣሪው የሚመጣው ማስታወቂያ ሰሌዳ ወዳለበት ነው። የከተማው ክሊኒክ ሰሌዳ አለው፥ ግብር ይከፍላል፥ አድራሻው ይታወቃል፤ ስለዚህ ይመረመራል። ጉጠት ያለው ሰው ሰሌዳ የለውም። ግግ አውጪዋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎረቤት ናት፤ ከእናቲቱ ጋር በአንድ ማኅበር ትጠጣለች። እርስዋን ማን ይከሳታል? ልጁ ቢሞት እንኳ በተቅማጥ ሞተ ይባላል እንጂ በግግ ማውጣት ሞተ የሚል የለም። እንዲህ ሆኖ በሥራ ላይ ያለው ፈቃድ ዞሮ ዞሮ ስምን ብቻ የሚጠብቅ ይሆናል፤ የሚጠብቀውም የከተማውን ሰው ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች ቅጣቱን አጥብቁ ይላሉ። እኛ ግን አስቀድሞ ሁለቱን እጆች መለየት ይገባል እንላለን። ጉጠት ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር በራሱ ሕክምና ነው፤ የበሰበሰ ጥርስ መነቀል አለበትና። ጥፋቱ መሣሪያውን ስለማይቀቅል፥ ማደንዘዣ ስለሌለው፥ ሥሩን ሰብሮ ስለሚያስቀረውና መግል ወደ አንገት ሲወርድ ስለማያውቅ ነው። ይህ ሊማሩት የሚቻል ነገር ነው። ግግ ማውጣት ግን በንጹሕ መርፌም ቢሠራ፥ ዲግሪ ባለው እጅም ቢሠራ ሕክምና አይደለም፤ የሚድን በሽታ የለምና። የመጀመሪያውን ሥራ መንግሥት በፈቃድ ሊያስገባው ይገባል፤ ለሁለተኛው ፈቃድ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም። ሁለቱን «ባህላዊ ሕክምና» በሚል አንድ ከረጢት መክተት ግግ አውጪውን በወጌሻው ጥላ ሥር ያስጠልለዋል። ለግግ የሚሻለው መድኃኒት ከፖሊስ ይልቅ በየቀበሌው ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በውሃ የሚበጠበጠውን ንጥረ ነገር ፈጥና ከሰጠችው እናቲቱ ድድ የምታይበት ምክንያት ይቀንሳል።

ለጉጠቱ ሥራ የምናቀርበው ሐሳብ ደግሞ ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ ከጎንደር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ወባ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ፥ በ1947 ዓ.ም በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1957 ዓ.ም ነው፤ ኮሌጁ በዐሥር ዓመት ይቀድመዋል ማለት ነው። ኮሌጁ ሐኪም እስኪገኝ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም፤ የጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደ አውራጃው ላከ። የሥራቸው ወሰን የታወቀ ነበር። በጥርስ በኩልም ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ወጣት ሴቶችን በዌሊንግተን ለሁለት ዓመት እያሠለጠነች የተማሪ ልጆችን ጥርስ እንዲሞሉና እንዲነቅሉ በየትምህርት ቤቱ አሰማርታለች፤ አሳቡን ያመጣው ቶማስ ሃንተር የተባለ የጥርስ ሐኪም ነበር። በኢትዮጵያም ከጥርስ ዶክተር በታች የሠለጠኑ ቴራፒስቶች አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም፥ የዚያው የጥንቱ ኮሌጅ ወራሽ፥ ዛሬ የጥርስ ዶክተሮችን ያስመርቃል። የቀረው እንዲህ ያለ ወሰን ያለው ፈቃድ ይዞ በወረታ ተቀምጦ በሳምንት አንድ ቀን ቁሐር ሚካኤል የሚወርድ ሰው ነው።

ስለ ልዩ ሙያተኞች አጭር ነገር እንጨምር። የአፍ፥ የፊትና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ልዩ ሐኪም በፎገራ አይጠበቅም፤ ስፍራውም ትልቁ ሆስፒታል ነው። ነገር ግን ኖማ የተባለውን በሽታ ተመልከቱ። ምግብ ያነሰው ሕፃን ድድ ላይ ቁስል ሆኖ ይጀምርና በጥቂት ቀናት ጉንጩን በልቶ ይጥለዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። መጀመሪያ ላይ በተራ መድኃኒት ይቆማል፤ ፊቱ ከፈረሰ በኋላ ግን ከልዩ ሐኪም በቀር የሚጠግነው የለም። ስለዚህ የልዩ ሐኪሙ ፈቃድ ዋጋ የሚኖረው በመንደር ያለው ሰው ድዱን በጊዜ አይቶ ሲልክለት ነው።

ከጥርስ ሐኪሞች በኩል የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን፤ «ለገጠር ሰው ሁለተኛ ደረጃ ሐኪም ልትሰጡት ነው» ይሉናል። የክብር አነጋገር ነው፤ ግን ገበሬው ዛሬ የሚመርጠው በዶክተሩና በቴራፒስቱ መካከል አይደለም። የሚመርጠው በቴራፒስቱና በባለጉጠቱ መካከል ነው። ይልቅስ የሚያሠጋን ወሰኑ እንዳይጣስ ነው፤ ዛሬ ጥርስ እንዲነቅል የተፈቀደለት ነገ መንጋጋ ልቅደድ ሊል ይችላል። ለዚህም ፈቃዱ በቢሮ መዝገብ ብቻ ተቆልፎ እንዳይቀመጥ፥ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ በቀበሌው ጽሕፈት ቤትና በጤና ኬላው በር ላይ እንዲለጠፍ እንጠይቃለን። እንዲህ የሚል ይሁን፦ ይህ ሰው ጥርስ በማደንዘዣ ይነቅላል፤ መሣሪያውን በፊታችሁ ከተቀቀለበት ያወጣል፤ አንገቱ ያበጠ፥ አፉን መክፈት ያቃተው ወይም ድዱ የጠቆረ ሕፃን ሲመጣ ያን ዕለት ወደ ሆስፒታል ይልካል፤ ግግ አያወጣም።