ያለ ብሎን የሚያዙ ትናንሽ ሂትሲንኮች፦ የማጣበቂያ አመራረጥ

ሙቀትን ከቺፕ ወደ አየር የሚበትነው ባለ ክንፍ አሉሚኒየም፣ በተለምዶ ሂትሲንክ የሚባለው፣ በትልልቅ ፕሮሰሰሮች ላይ በብሎን ወይም በመቆንጠጫ ይታሰራል። በትናንሽ ቺፖች ዙሪያ ግን ብዙውን ጊዜ ሰርኪዩት ቦርዱ ላይ የብሎን ቀዳዳ የለም፤ ሂትሲንኩን የሚይዘው ማጣበቂያው ብቻ ነው። ማጣበቂያ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚታየው ሙቀት አስተላላፊነቱ ቢሆንም፣ ማራገቢያ በሌለበት ይህ መስፈርት ከሚገመተው በታች ክብደት እንዳለው ቀላል ስሌት ያሳያል።

ወርድና ቁመቱ 14 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ የክንፎቹ ጠቅላላ ስፋት 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ሂትሲንክ እንውሰድ። በዝግታ የሚንቀሳቀስ አየር ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 10 ዋት ይወስዳል ብንል፣ ከክንፎቹ ወደ አየር ያለው የሙቀት ተቃውሞ ለአንድ ዋት 40 ዲግሪ ሴልሲየስ ይሆናል። 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና አስተላላፊነቱ 1 ዋት በሜትር በዲግሪ የሆነ ኤፖክሲ በዚህ ላይ የሚጨምረው 0.5 ያህል ነው። ውፍረቱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ አስተላላፊነቱ 0.6 የሆነ ባለ ሁለት ገጽ ቴፕ ደግሞ 2.1 ይጨምራል። አንድ ዋት ለሚያመነጭ ቺፕ ልዩነቱ 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ማራገቢያ ተገጥሞ የአየሩ ተቃውሞ ወደ 10 ሲወርድና ቺፑ 5 ዋት ሲያመነጭ ግን ልዩነቱ 8 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ የኤፖክሲው ብልጫ ትርጉም ያገኛል።

ሌላው ጥያቄ ሂትሲንኩ እንዳይወድቅ ነው። 5 ግራም የሚመዝን ሂትሲንክ ቦርዱ ቀጥ ብሎ ቢቆም ቴፑን የሚጎትተው በ250 ፓስካል ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ክብደቱ ለመውደቁ በቂ ምክንያት አይደለም። በቺፑ ገጽ ላይ የቀረ ቅባት ወይም በደንብ አለመጫን የበለጠ ይጠረጠራል። ገጹን በአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግና ሂትሲንኩን ለጥቂት ሰከንዶች አጥብቆ መጫን ይህን ይቀንሳል። መሃሉን በሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ማዕዘኖቹን በሱፐር ግሉ የመያዝ ዘዴም የተለመደ ነው። ቅባቱ በራሱ አያጣብቅም፤ ተራው ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሆነና ሙቀት ስለሚያዳክመው ለረጅም ሙከራ አይመከርም።

ቀጭንና ግትር ማጣበቂያም የራሱ አደጋ አለው። አሉሚኒየም ለአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 23፣ ሲሊኮን 2.6 ያህል ይሰፋል። ሲሊኮኑ ያለ ሽፋን በተጋለጠበት ቺፕ ላይ፣ 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት በ60 ዲግሪ ሲሞቅ የሁለቱ ልዩነት 12 ማይክሮን ይሆናል። ወፍራሙና ለስላሳው ቴፕ ይህን መንሸራተት ሲያስተናግድ፣ ግትሩ ኤፖክሲ ጫናውን ወደ ቺፑ ያስተላልፋል። የፕላስቲክ ሽፋን ስፋት ለአሉሚኒየም ስለሚቀርብ በዚያ ላይ ችግሩ ይቀላል።

ምትክ ቺፕ በቀላሉ በማይገኝበት ላቦራቶሪ የማላቀቁ ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል። የጠነከረ ኤፖክሲን በጉልበት ሲያነሱት ቺፑን ከነመሸጫ ነጥቦቹ ነቅሎ ሊያወጣ ይችላል። ቴፑ ግን በሙቅ አየር ከለሰለሰ በኋላ፣ ሂትሲንኩን ወደ ላይ ሳይስቡ ቀስ ብሎ በመጠምዘዝ ይላቀቃል።