አሮጌ ሞተር ሳይክል ለረጅም መንገድ ለምትገዛው ልጄ

ልጄ፣ ከአየር ጤና ተነስተህ በወሊሶ፣ በወልቂጤና በግቤ አድርገህ ጅማ ድረስ በራስህ ሞተር ሳይክል መሄድ እንደምትፈልግ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል፤ ወጣት አገሩን በዓይኑ ቢያይ ልቡ ይሰፋል። ገንዘብህ ግን ጥቂት ነው፤ የምትገዛውም ብዙ እጅ ያለፈበት መሆኑ አይቀርም። ከ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወዲህ ያገለገለ ተሽከርካሪ ከውጭ ማስገባት በጣም ስለተወደደ፣ ምርጫህ እዚሁ አገር ውስጥ ካለው ነው። የምመክርህ ነገር ሲጠቃለል አንድ ነው፤ በስምህ የማይዞርና በሰፈርህ የማይጠገን ከሆነ፣ ምንም ቢያምርህ አትግዛው።

1. ገበያ ከመውጣትህ በፊት ብርህን ከፋፍል። ካለህ ከአሥር እጅ ሰባቱን ለግዢ፣ ሦስቱን ከግዢ በኋላ ለሚመጣው አስቀምጥ። አሮጌ ሞተር ሳይክል እንደተገዛ ጎማ፣ ካቴና፣ ባትሪ፣ የፍሬን ሸራ መጠየቁ የታወቀ ነው። ስም ማዛወሪያውም፣ በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድንም፣ ሄልሜቱም ከዚያው ይወጣል። ሄልሜት ላይ ገንዘብ አትቆጥብ፤ ወድቆ የተመታ አሮጌ ሄልሜትም አትግዛ።

2. በትልቅ ስም አትማረክ። ቢኤምደብሊው ጂኤስም ሆነ ሆንዳ ትራንዛልፕ የተመሰገኑ የረጅም መንገድ ሞተር ሳይክሎች ናቸው። ሆኖም አንድ ዕቃ ሲሰበር ከውጭ እስኪመጣ ወራት ልትጠብቅ ትችላለህ። ጉልበት ያለው ካስፈለገህ እንደ ያማሃ ኤክስቲ 600 ወይም ሱዙኪ ዲአር 650 ያለ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡራተር ፈልግ፤ ለመፍታትም ለመግጠምም ቀለል ይላል። ብርህ ለዚያ ካልደረሰ ሆንዳ ኤክስኤል 125 አያሳፍርህም። ያማሃ ዲቲ 125 እና ሱዙኪ ቲኤፍ 125 ጠንካሮች ቢሆኑም ቤንዚን ከዘይት ጋር የሚያቃጥሉ ቱስትሮክ ናቸው፤ ለረጅም መንገድ ዘይቱንም አስበህ ግዛ። ከመወሰንህ በፊት መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርደህ የዚያን ሞዴል ፍሪሲዮን፣ ፋሻና ኩሽኔታ ጠይቅ። ካጣህ ሌላ ሞዴል ምረጥ።

3. ከሞተሩ በፊት ወረቀቱን እይ። ሊብሬውን ተቀብለህ የሻንሲውን ቁጥር መሪው አንገት ላይ፣ የሞተሩን ቁጥር ደግሞ ራሱ ሞተሩ ላይ አንድ በአንድ አመሳክር። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ተፍቆ ወይም አዲስ ቀለም ብቻውን ተቀብቶ ካየህ ዋጋ ሳትጠይቅ ተመለስ። የዕርዳታ ድርጅት ወይም የኤምባሲ የነበረ ከሆነ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ቀረጡ ስለመከፈሉ የጉምሩክ ማስረጃ ይታይ። ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበትም ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አጣራ።

4. በውክልና አትግዛ። «ስሙን ቀስ ብለህ ታዞረዋለህ፣ ለጊዜው ውክልና ልስጥህ» የሚልህ ብዙ ነው። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ከሞተም ውክልናው በመርህ ደረጃ አብሮት ይቀራል፤ አንተም ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ስትመላለስ ትከርማለህ። ሻጩን ይዘህ ሰነዶች ማረጋገጫ ሂድና የሽያጭ ውሉን እዚያ ተፈራረሙ። ዋናውን ገንዘብ ከዚያ በፊት አትስጥ።

5. የከተማውን ሕግ አስቀድመህ እወቅ። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴን ገድባ ፈቃድ ላላቸው ብቻ አድርጋለች። በምትገዛበት ሰሞን ያለው መመሪያ ምን እንደሚል ኮልፌ ቀራንዮ ካለው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። የክልል ሰሌዳ ያለው ከሆነ ደግሞ ከተማ ውስጥ እንዴት እንደምትነዳው ሳታውቅ ቀብድ አትክፈል።

6. ሞተሩ ሳይሞቅ ድረስበት። ለሻጩ ሳላየው እንዳታስነሳው ብለህ ንገረው፤ ስትደርስም መጀመሪያ መዳፍህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ከሞቀ አስቀድሞ የተነሳበት ምክንያት አለ፤ ሌላ ቀን በጠዋት ተመለስ። ሲነሳ ጭሱን እይ። ቱስትሮክ ካልሆነና ሰማያዊ ጭስ ካላቋረጠ ዘይት እያቃጠለ ነው፤ ፋሻው ወይም የቫልቩ ጎማ አልቋል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ይህ ብዙ ጊዜ በካርቡራተር ማስተካከያ ይድናል። የሰልባትዮውን ክዳን ከፍተህም በባትሪ መብራት ዝገት ካለ ተመልከት።

7. እጅህን ሳታቆሽሽ አትግዛ። የፊት ጎማውን ከመሬት አስነስተህ መሪውን ቀስ ብለህ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙር፤ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ከያዘ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ካቴናውን በኋለኛው ጥርስ ጫፍ በኩል በጣትህ ወደ ኋላ ሳበው፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየህ ካቴናውም ጥርሱም አንድ ላይ ይቀየራሉ። በጎማው ጎን ካሉት ቁጥሮች መካከል አራት አሃዝ ለብቻው ታገኛለህ፤ 3518 ካለ በአውሮፓውያኑ 2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና አዲስ ቢመስልም ያረጀ ጎማ ይደርቃል፤ በዝናብ ቀን አስፋልት አይጨብጥም።

8. ዳገት ላይ ሞክረው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ተራ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ስለዚህ በመጠኑ መድከሙ አያስደንግጥህ። በሦስተኛ ማርሽ ዳገት ስትወጣ ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው።

9. የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ ነውና ችግሩን እሱ እንዲነግርህ አትጠብቅ። መካኒክህ የሚለወጠውን ዕቃ በወረቀት ይጻፍልህ፤ ድርድሩን በዚያ ዝርዝር ላይ አድርግ። «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ሲሉህ ይምጣ በል። ችኩል ገዢ የሌላውን ዕዳ ይሸከማል።

10. ጅማን ለኋላ አቆየው። መጀመሪያ ሰበታ ደርሰህ ተመለስ፤ ቀጥለህ ወሊሶ ሂድ። በየጉዞው የላላ ቡሎን አጥብቅ፣ ዘይቱን ለካ። ወልቂጤን አልፈህ ወደ ግቤ ስትወርድ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ፍሬን ብቻ ይዘህ ከወረድክ ግሎ ይከዳሃል። ማርሽ ቀንሰህ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝልህ አድርግ። በመንደር ስታልፍ ከብትና ሕፃን ድንገት ይገባልና ፍጥነትህን ቀንስ። ከጨለመም ባለህበት እደር፤ መንገዱ ነገም አለ።

ስም እስኪዞር፣ መካኒክ አይቶ እስኪጨርስ መጠበቁ ረጅም ቢመስልህም ታገሥ። በሰላም ሄደህ በሰላም ግባ፤ መንገድህን ያቅናልህ።