ማለዳ የምንናገራቸው ቃላት ከየት መጡ?



በኸሽም ኤል ቂርባ የሚያድግ ልጅ ገና ፊቱን ሳይታጠብ ሁለት ሦስት ቋንቋ ይሰማል። እናቱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ትቀሰቅሰዋለች፤ ጎረቤት በዓረብኛ ሰላም ይላል፤ ክፍል ሲገባ ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። አንዳንድ ወላጆች «ይህ ሁሉ ቋንቋ ልጁን አያምታታውም ወይ?» ብለው ይጠይቁናል። እያንዳንዱን ለየብቻ ከሸመደደ ያምታታዋል። እያስተያየ ከተማረ ግን አንዱ ቋንቋ ለሌላው መምህር ይሆነዋል። ለምሳሌ ስለ መንቃት የሚናገሩትን ቃላት እንመልከት።

1. መንቃትና መነሣት

ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ የሚያቀላቅሉት «ዌክ አፕ» እና «ጌት አፕ» የሚሉትን ነው። አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ግን በቀላሉ ይለያቸዋል። «ዌክ አፕ» ነቃ ማለት ነው፤ ዓይን ተገልጧል፣ ሰውየው ግን ገና አልጋው ላይ ነው። «ጌት አፕ» ተነሣ ማለት ነው፤ ከአልጋው ወርዷል። 11 ሰዓት ተኩል ነቅቶ 12 ሰዓት የሚነሣ ተማሪ ሁለቱም ቃላት ያስፈልጉታል።

«ራይዝ» እና «ሬይዝ» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ «ራይዝ» ይባላል፤ ተማሪ እጁን ሲያወጣ ግን «ሬይዝ» ነው። የመጀመሪያው ተነሣ፣ ሁለተኛው አነሣ ነው። የእኛ «ተነሣ» ከግእዙ «ተንሥአ» የመጣ ሲሆን፣ ትንሣኤ የሚለው የበዓል ስምም የዚያው ቃል ልጅ ነው።

2. ሁለት የነበሩት አንድ ሲሆኑ

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ዋካን» መንቃት፣ «ዋኪያን» ደግሞ ነቅቶ መቆየት ነበር። በጊዜ ብዛት ሁለቱ ተቀላቅለው የዛሬው «ዌክ» ሆኑ። ሬሳ እየጠበቁ ማደርም በእንግሊዝኛ «ዌክ» ይባላል። ጥበቃ ማለት የሆነው «ዎች» የዚሁ ዘመድ ነው፤ የእጅ ሰዓትም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

አማርኛም ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። «ልጁ ነቃ» እንላለን፤ «ማሰሮው ነቃ» እንላለን። በግእዝ የመጀመሪያው «ነቅሀ»፣ ሁለተኛው «ነቅዐ» ነው። የጉሮሮ ድምፆቹ በአማርኛ ሲጠፉ ሁለቱ ቃላት አንድ ድምፅ ሆነው ቀሩ። ትግርኛ ግን እስከ ዛሬ «ነቕሐ» እና «ነቕዐ» ብሎ ይለያቸዋል። ስለዚህ ትግርኛ የሚናገር ተማሪ ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ጓደኛው ቢያስረዳው መልካም ነው።

ምንጭ በግእዝ «ነቅዕ» የሚባለውም ከዚሁ ከመሰንጠቅ ነው፤ ውኃው መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣልና። የከተማችን ስምም ከውኃ አልራቀም፤ በሱዳን ዓረብኛ «ኸሽም» አፍ፣ «ቂርባ» ደግሞ ከቆዳ የተሠራ የውኃ መያዣ ነው።

3. የሚቀደደው ጨለማ

አማርኛ «ጎህ ቀደደ» ይላል፤ ጨለማውን እንደ ጨርቅ አይቶት ነው። ዓረብኛው «ፈጅር» መሰንጠቅና መፍለቅ ከሚል ሥር የወጣ ነው። እንግሊዝኛው «ዴይብሬክ» ቃል በቃል የቀን መሰበር ነው።

ንጋት ከተሰበረ ወዲያ ጾምም ይሰበራል። «ብሬክፋስት» ጾምን መስበር ማለት ነው፤ ሱዳኖች ረፋድ ላይ የሚበሉት «ፈጡር»ም ትርጉሙ ይኸው ነው። የእኛ «ቁርስ» ደግሞ ዳቦ ወይም እንጀራ ከመቁረስ የመጣ ነው።

4. እንዴት አደራችሁ?

«ጉድ ሞርኒንግ» ለጀመረው ጠዋት መልካም ይመኛል። የእኛ «እንዴት አደርክ?» እና የትግርኛው «ከመይ ሓዲርካ?» ግን ስላለፈው ሌሊት ይጠይቃሉ። «አደረ» የመጣው ከግእዙ «ኀደረ» ነው፤ ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። ማኅደር የሚለውም ከዚያው ነው።

እዚህ ላይ ወላጆችን አደራ የምላችሁ ነገር አለ። እንግሊዝኛ ለታናሽም ለታላቅም «ዩ» ይበቃዋል። አማርኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ብሎ ይለያል። አያቱን «እንዴት አደርክ?» የሚል ልጅ ባለጌ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ «እንዴት አደሩ?» ሲባል አዘውትሮ ባይሰማ ነው። ይህን ትምህርት ቤት ብቻውን አያስተምረውም። ከመጽሐፍ ቢጠናም የሚለመደው በየማለዳው ቤት ውስጥ ሲነገር ነው።

5. የቤት ሥራ

ሀ. «ነቃሁ» እና «ተነሣሁ» የሚሉትን በአማርኛ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።

ለ. «ነቃ»ን በሁለቱም ትርጉሙ ተጠቀሙበት። ትግርኛ የሚያውቅ ጓደኛ ካላችሁ ልዩነቱን አስነብባችሁ አዳምጡ።

ሐ. አያቶቻችሁን ወይም አረጋውያን ጎረቤቶቻችሁን፣ በአገራቸው ከሌሊት እስከ ረፋድ ያለው ሰዓት በምን በምን ስም እንደሚጠራ ጠይቁ፤ የሰማችሁትን ጻፉና ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ። ስትጠይቁ ግን አስቀድማችሁ «እንዴት አደሩ?» በሉ።