ቅደም ተከተልን የሚገልጽ አንቀጽ

አንድን ሥራ በጽሑፍ ስታስረዱ ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«ባለ ሁለት ንጣፍ ዲቪዲ እስከ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፤ ባለ አንድ ንጣፉ ግን ከ4.7 አያልፍም። ስለዚህ ረጅሙን የሠርግ ፊልም ለሁለት መክፈል ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ፊልሙን ዲቪዲ መቅጃ ወደተገጠመለት ማክ ኮምፒዩተር ገልብጡ። ቀጥሎም አንዱ ምዕራፍ ከሚያበቃበት ላይ ለሁለት ክፈሉት። ከዚያም ክፍሎቹን በሁለት ባዶ ዲቪዲዎች ላይ ለየብቻ ቅዱ። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ካያችሁ በኋላ ብቻ በኮምፒዩተሩ ያለውን ቅጂ ደምስሱ።»

ሳታዩ ብትደምስሱና ዋናው ዲቪዲ ተጭሮ ቢገኝስ? ሠርጉ ዳግመኛ አይቀረጽም።

መልመጃ፦ «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎም»፣ «ከዚያም»፣ «በኋላ» በሚሉት ቃላት እየተጠቀማችሁ የምታውቁትን ሥራ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።