ከግድግዳ ላይ የመጽሔት ሽፋን ማንሳት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሺንሺቾ ነው። የአባቴ ቤት ግድግዳ ላይ የድሮ መጽሔት ሽፋኖች ተለጥፈዋል፤ «መነን»ም «የካቲት»ም አሉበት። ቤቱ ሊታደስ ስለሆነ ባለ ሥዕሎቹን ላነሳቸው እፈልጋለሁ። ሣጥን ውስጥ ያሉትን ደግሞ ሽፋናቸውን ቆርጬ በፍሬም ልሰቅል አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እባክዎ መቀሱን ያስቀምጡት። ሽፋኑን ማን እንደሳለው የሚነግርዎ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ያለው ውስጥ፣ ከአዘጋጆቹ ስም አጠገብ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ የሚያገናኛቸው አይኖርም። መስቀል ካማረዎ ስካን አስደርገው ኮፒውን ይስቀሉ።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። እኔ ከሣጥኑ ይልቅ የምሳሳው ለእሱ ነው። ጭቃ ቤት በመጽሔት ሲለጠፍ የቤቱ ሰው መርጦ ነው የሚለጥፈው፤ የትኛው ሥዕል ከመደቡ በላይ፣ የትኛው ከበሩ ፊት ለፊት እንደሚሆን አስቦበታል። ስለዚህ ምንም ሳይነኩ እያንዳንዱን ግድግዳ ሙሉውን፣ ከዚያም አንድ በአንድ ፎቶ ያንሱ። ንብርብሩንም ይመልከቱ። «መነን» በእቴጌይቱ ስም የተሰየመች የዘውዱ ዘመን መጽሔት ናት፤ «የካቲት» ስሟን የወሰደችው ከ1966ቱ አብዮት ነው። ከ«የካቲት» ሥር «መነን» ካገኙ፣ ቤቱ ከአብዮቱ በኋላ እንደገና ተለጥፏል ማለት ነው።

ማንሳቱን በክረምት አይሞክሩት፤ ወረቀቱ ሳይደርቅ ይሻግታል። ታኅሣሥን ወይም ጥርን ይጠብቁ። መጀመሪያ ጥላሸቱን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፤ ከረጠበ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ በእርጥብ ጥጥ አንድ ጥግ ነካ ያድርጉ። ቀለሙ ጥጡን ከነካው እዚያው ያቁሙ። ካልለቀቀና የተለጠፈው በዱቄት ሙጫ ከሆነ፣ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፈው ሙጫው ሲላላ በቀጭን ቢላዋ ከጠርዝ ይጀምሩ። እንቢ ካለ አይጎትቱ። እንደገና ያርጥቡ፣ ይታገሡ።

ያነሱትን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ጥላ ውስጥ ያድርቁ። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ረጥቦ ከተደራረበ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ማላቀቂያ የለውም። የደረቀውን ከሣጥኑ መጽሔቶች ጋር አይቀላቅሉ፤ የቀረው ዱቄት ነፍሳት ይጠራል። የተቀደደውንም በፕላስተር አይጠግኑ።

ወሩ የጠፋበት ሽፋን ካለ ፎቶውን ይዘው ስድስት ኪሎ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይሂዱና እዚያ ካሉት እትሞች ጋር ያስተያዩት። ምንም ቢያደርጉ የማይነሳው ደግሞ እዚያው ይቆይ፤ አዳሾቹ ያን ግድግዳ ሳይነኩት እንዲያልፉ ይለምኗቸው።