መልስ የሌለው ሽኝት

ጠያቂ፦ አባባ፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሕይወት ማሳያ ነው ይላሉ፤ መግቢያው ልደት፣ መውጫው ሞት። እርስዎ ግን ይህን አባባል አይወዱትም አሉ።

ሽማግሌ፦ አልወደውም፤ ስንፍና አለበት። ሰው አንዴ ይወለዳል፣ አንዴ ይሞታል፤ በቦሌ በር ግን ያው ሰው ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። በዚያ አዳራሽ ከምታዪው መንገደኛም አብዛኛው የአዲስ አበባን መሬት ሳይረግጥ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው የሚሻገር ነው፤ እሱን በየትኛው ትመድቢዋለሽ? እኔ የምለው ሌላ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ዛሬ ራሱ አንድ የዕድሜ ደረጃ ሆኗል። በወሎም ሆነ በጅማ ገጠር ለብዙ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀጥሎ የሚመጣው ጋብቻ ወይም እርሻ መሆኑ ቀርቶ ፓስፖርት ሆኗል። ልጅቱ ለአቅመ ሔዋን መድረሷ የሚታወቀው ዓረብ አገር ስትሄድ ነው፤ ቤተሰቧም በመንደሩ ፊት ቀና የሚለው ያን ቀን ነው። አርኖልድ ቫን ዤኔፕ የሚባል የባህል አጥኚ በ1909 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ከአንዱ የዕድሜ ደረጃ ወደ ሌላው ሲያልፍ ሦስት ነገር እንደሚያገኘው ጽፏል፦ መጀመሪያ ከነበረበት ይለያል፣ ቀጥሎ መሐል ላይ ይቆያል፣ በመጨረሻ ወደ ሰው ይቀላቀላል። የእኛ ሰዎች ይህን ከማንም ሳይማሩ ኖረውበታል። አራስ ቤቷ ትቆያለች፤ ሕፃኑ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኑ ክርስትና ይነሣና የሰው ቁጥር ውስጥ ይገባል። ሙሽራ በዘፈንና በለቅሶ ትሸኛለች፤ ሰርጉ ግን በዚያ አያበቃም፣ መልስ ተደግሶ ከነባሏ ወደ አባቷ ቤት ትጠራለች። ሐዘንተኛም ቢሆን በሠልስቱ፣ በአርባው እየተባለ ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሸኘነውን መንገድ ላይ ጥለን የምንገባ ሕዝብ አልነበርንም።

ጠያቂ፦ ታዲያ ለመንገደኛውስ ምን ጎደለው? ሽኝት አለ፤ አቀባበልም አበባ ተይዞ፣ እልል ተብሎ ነው።

ሽማግሌ፦ ሽኝቱማ ሞልቶ ተርፏል። በግ ይታረዳል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ በርበሬና ሽሮ ይታሸጋል፣ አንድ ሰው ለመሸኘት አንድ ሚኒባስ ሙሉ ቤተ ዘመድ ይወጣል። አበባ የተያዘለትን ሰው ግን ልብ ብለሽ እዪው፤ ከአሜሪካ ለአንድ ወር የመጣ ነው፣ የመመለሻ ትኬቱ ኪሱ ውስጥ ነው። እሱ እንግዳ ነው፤ እንግዳ መቀበል ደግሞ ዱሮም እንችልበታለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምርና በ1950ዎቹ ጄት ሲመጣ፣ ማረፊያውም ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር፣ ተማሪው ሄዶ በዲግሪ ይመለስ ነበር፤ ወንበሩም ይጠብቀው ነበር። በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ ያገኘ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይሄድ ነበር። በግንቦት 1983 ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከዚያው ሜዳ ተነሡ፤ ለእነሱ የእኛ መውጫ የመመለሻ በር ነበር። እነዚህን ሁሉ እለፊያቸው። የእኔ ጥያቄ ባዶ እጁን የተመለሰውስ የት ተቀበልነው የሚል ነው።

የ2006ቱን ነገር እንደገና እንመልከተው፤ እስከ ዛሬ በትክክል አልተረዳነውምና። ሳዑዲ ዓረቢያ የሰጠችው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት 24 አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተጭነው መጡ። ቦሌ ላይ ስማቸው ተመዘገበ፣ ውኃና ብስኩት ተሰጣቸው፣ በጊዜያዊ መጠለያ አደሩ፣ የመሣፈሪያ ገንዘብ ተቀብለው ወደየቀያቸው ተበተኑ። ሥራው በጥድፊያና በቅንነት ተሠርቷል፤ የደከሙበትን ሰዎች አላማም። ነገር ግን ከጎርፍ እንደተረፈ ሰው ነበር የተቀበልናቸው። ከዕድሜያቸው አንድ ደረጃ ላይ ወጥተው፣ ያ ደረጃ ከእግራቸው ሥር እንደተነሣባቸው አላሰብንም። በሬ ሸጦ የላካት አባት አለ፤ ለደላላ ያበደረ ጎረቤት አለ። መንደሩ የሚያውቀው አንድ ዓይነት መመለስ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮ ቤት የሚሠራውን። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው ለመሄድ አፈሩ፤ ከተማ ውስጥ ቀሩ፣ ወይም በጅቡቲ በኦቦክ በኩል ደግመው ወጡ። በ2016 እ.ኤ.አ. ጦርነት ላይ ወዳለችው የመን ከ100,000 በላይ ስደተኛ ሲገባ አብዛኛው የእኛው ልጅ ነበር። በሕግ ለሥራ መሄድ ደግሞ በዚያን ጊዜ ታግዶ ነበር። በሩን ዘጋነው፣ የሚያስወጣውን ሐፍረት ግን ቤት ውስጥ አስቀመጥነው።

የአውሮፕላን ማረፊያውን ሕንፃ ራሱንም ተመልከቺ። ለብዙ ዓመታት በቦሌ ተቀባይ ወደ አዳራሹ አይገባም ነበር፤ ውጭ፣ መኪና ማቆሚያው ዘንድ፣ በፀሐይም በዝናብም አንገቱን እያሰገገ ይጠብቅ ነበር። ለጸጥታ ነው ይባል ነበር፤ ጸጥታውን አልንቅም። ግን ሌላ አገር ተቀባይን እስከ መድረሻው አዳራሽ አስገብቶ የሚሣፈረውን ብቻ በጥብቅ የሚፈትሽ አውሮፕላን ማረፊያ ሞልቷል። ለሱቅ፣ ለቡና መሸጫ፣ ለክብር እንግዳ ማረፊያ ቦታ ሲሰላ፣ እናት ልጇን ቆማ የምታቅፍበት ጣሪያ እንዴት ሳይሰላ ይቀራል? መሐንዲሱ ሻንጣ የሚወርድበትን ማሽን በሜትር ለክቶ አስቀምጧል፤ ሰው ከሰው የሚገናኝበትን ግን ለአስፋልቱ ተወው። ይህን ትንሽ ነገር የሚሉኝ አሉ። እኔ ትንሽ ነው አልልም።

ጠያቂ፦ ይቅርታ አባባ፣ የተመለሰው የሚፈልገው ግን ድግስ ሳይሆን ሥራ ነው። ሥርዓት ሆድ አይሞላም።

ሽማግሌ፦ እውነት ነው፣ አይሞላም። ሥራ የመንግሥትም የባለሀብትም ዕዳ ነው፤ በሥርዓት ሸፍነን እንለፈው አላልኩም። ነገር ግን ሥራ የሚገኘው በሰው ነው፦ ዋስ በሚሆን፣ መሬት በእኩል በሚያሠራ፣ ቁጠባ ማኅበር በሚያስገባ ሰው። ከሰው ተደብቆ የተቀመጠ ልጅ ይህን ሁሉ አያገኝም። መቀበል አንችልም እንዳትዪኝ ደግሞ ሐምሌ 11 ቀን 2010ን ላስታውስሽ። ከአዲስ አበባ የተነሣው አውሮፕላን ከሃያ ዓመት መለያየት በኋላ አስመራ ሲያርፍ ቤተሰብ ከቤተሰብ እያለቀሰ ተቃቀፈ፤ የሻንጣውን ክብደት ያየ አልነበረም።

ጠያቂ፦ ለዚያ ከሳዑዲ ለሚመለሰው ታዲያ ማን ይደግስለት? አባቱ እንደሆነ ዕዳ ውስጥ ነው።

ሽማግሌ፦ እድሩ። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስትና ብርጭቆ አለው፤ መተዳደሪያ ደንቡ ግን ዋና ነገሩ ቀብር ነው። አንድ አንቀጽ ይጨመርበት፦ አባል ልጁ ከስደት ሲመለስ፣ ይዞ ቢመጣም ባይመጣም፣ ድንኳኑ ይተከል፣ ሰው ቡና ሊጠጣ ይምጣ። በሦስተኛው ቀን አበዳሪው ተጠርቶ በእድሩ ዳኛ ፊት ይቀመጥና ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚከፈል ይጻፍ።

ጠያቂ፦ አበዳሪው አልቀመጥም ቢልስ?

ሽማግሌ፦ እሱም የዚያው እድር አባል ነው። የሚቀብሩትን ሰዎች እንቢ ለማለት ሁለት ጊዜ ያስባል።