የስሪ ዲ ፊልም ዓይንን ለምን ያደክማል?

ልጅዎ ልዩውን መነጽር አድርጎ የስሪ ዲ ፊልም ሲመለከት «ራሴን አመመኝ» ቢልዎ ሰበብ የፈጠረ አይምሰልዎ። መንስኤው ፊልሙ የተቀረጸበት መንገድ ሊሆን ይችላል።

የአዋቂ ሰው ሁለት ብሌኖች በአማካይ 6.3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓይን ትንሽ የተለየ ምስል ያያል፤ አንጎልም ሁለቱን አዋህዶ ርቀትን ይገምታል። በሁለት ካሜራ የሚቀረጽ ፊልም ይህንኑ ይኮርጃል።

ካሜራዎቹ ሲራራቁ ጥልቀቱ ይጨምራል፤ ሲቀራረቡ ይቀንሳል። ከልክ በላይ ከተራራቁ ግን፣ በተለይ የሚቀረጸው ነገር ቅርብ ከሆነ፣ አንጎል ምስሎቹን ማዋሃድ ያቅተዋል። አንዱ ካሜራ ከሌላው በጥቂቱ ከፍ ቢልም ዓይን ይታገላል። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው «አቫታር» ሲቀረጽ የሁለቱን ካሜራዎች ርቀት እንደ ትዕይንቱ ለማስተካከል የሚያስችል መሣሪያ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የልጆች ዓይኖች ይበልጥ የተቀራረቡ ስለሆኑ በአዋቂ ልክ የተቀረጸ ጥልቀት ሊከብዳቸው ይችላል።

ምን ያድርጉ?

• ከስክሪኑ ራቅ ብለው፣ መሐል ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡ።

• ራስዎን ወደ ጎን አያዘንብሉ፤ ምስሎቹ ለቀና ራስ የተዘጋጁ ናቸው።

• ከደከመዎ መነጽሩን አውልቀው ዓይንዎን ለጥቂት ደቂቃዎች ከስክሪኑ ያንሱ።

• ሌሎች ጥልቀቱን እያዩ ለልጅዎ ምንም ካልታየው፣ ወይም ሁልጊዜ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየው፣ ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዱት። ፊልሙ ያልታወቀ የዓይን ችግር አሳይቶዎት ሊሆን ይችላል።